ከጂማ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚደረስ የጦር ሜዳ አለ?

መምህርት፣ ጂማ
ሰላም ለሁላችሁ። የ10ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። 48 ተማሪዎቼን ጦርነት የተካሄደበት ቦታ ወስጄ እዚያው ላስተምራቸው አስቤአለሁ። ልጆቹን ብጠይቃቸው ሁሉም “ዓድዋ!” አሉ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ “በዕለቱ ደርሶ መልስ ካልሆነ አልፈርምም” ብለውኛል። ወላጅም ብዙ ብር ማውጣት አይችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሹፌር ነኝ
መምህርት፣ ዓድዋን ለጊዜው ይተዉት። ከጂማ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሄጃው ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማደር ግድ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ለምን ጎጀብ አትወስጃቸውም? በቦንጋ መንገድ ከሰቃና ከሸቤ ቀጥሎ የምታገኙት ወንዝ ነው። ቦንጋ ራሷ ከጂማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጎጀብ ከዚያ በፊት ነው።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ለጣሊያን እጃቸውን የሰጡት እዚያ ነው። አብረዋቸው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ነበሩ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች፣ ካንቺ ተማሪዎች በዕድሜ ብዙም የማይርቁ። ሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን ያቃጠሉት እነዚሁ ናቸው። በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሊጠጉ ሞከሩ፣ አልሆነም። ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ጎጀብ ላይ ተከበቡ።

አስተያየት ሰጪ
ጋሼ ይቅርታ፣ ግን ልጆችን የተሸነፍንበት ቦታ ወስዶ ምን ሊያስተምሯቸው ነው?

ጡረተኛው መምህር
ጥሩ ጠየቅክ። ዓድዋ ላይ ልጆቹ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፣ አጨብጭበው ይመለሳሉ። ጎጀብ ላይ ግን የሚከራከሩበት ነገር አለ። ማኅበሩ የራሱ ደንብ ነበረው። ገበሬ አይበደልም፣ ምርኮኛ አይንገላታም፣ አገር ጥሎ መሰደድ የለም፣ አባል በጠላት እጅ ከመውደቅ ራሱን ያጥፋ ይላል። እንግዲህ ሰው በዚህ ደንብ ምሎ ሲከበብ ምን ያድርግ? ራስ እምሩ እጅ ሰጡ። እሳቸውን ጣሊያን ወስደው ፖንዛ ደሴት አሰሯቸው። እጅ ከሰጡት ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት ግን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ተገደሉ። ክፍሉን ለሁለት ክፈይና ወንዙን እያዩ ይሟገቱ። አንቺ ዳኛ አትሁኚ።

(ሲደክማቸው ይህን ንገሪያቸው፦ በ1935 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ መጀመሪያ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ ያው ፖንዛ ነበር። ይስቃሉ።)

የሸቤ ልጅ
ታኅሣሥ 9ን ራሷን ብትይዟት አሪፍ ነው፣ በጋ ስለሆነ ጭቃ የለም። ወንዙ የክልል ድንበር መሆኑን አትርሱ። ወዲህ ኦሮሚያ፣ ወዲያ የካፋ ዞን ጊምቦ ወረዳ ነው። ለሁለቱም ወረዳ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። ካንዱ ወገን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ድልድዩ ላይ ሲለማመጥ አይቻለሁ። አስጎብኚ አገኛለሁ ብለሽም አትሂጂ፣ ካርታና ፎቶ አትመሽ ያዢ።

የተማሪ እናት
እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። ልጅ ወንዝ ሲያይ ጫማውን ያወልቃል! ማንም ወደ ውሃው እንዳይወርድ ከመነሳታችሁ በፊት ይነገራቸው። ቦታው ቆላ ነው፣ ኮፍያና በቂ ውሃ ይያዙ። ምሳ ከየቤቱ ይምጣ። እኛ ዳቦና ቆሎ እናዘጋጃለን፣ ወጪውም ይቀንሳል። መኪና የሚያጥወለውላቸው ከፊት ይቀመጡ፣ ፌስታል አይረሳ።

ሹፌር ነኝ
አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ተማሪ ጭኜ ስመለስ አንድ ልጅ ሻይ ቤት ረስተን 20 ኪሎ ሜትር ተመልሰናል። አስተማሪዎቹ “ሁሉም አለ?” ብለው ጠየቁ፣ ልጆቹ “አለ!” አሉ፣ አለቀ። እርስዎ በስም ይጥሩ፣ በወጡና በገቡ ቁጥር። ጠዋት 12 ሰዓት ይነሱ፣ 10 ሰዓት ላይ ጂማ ይግቡ። ሲመሽ መንገዱ ላይ ከብት ይበዛል።

መምህርት፣ ጂማ
እግዜር ይስጥልኝ! ርእሰ መምህሩ ጎጀብን ሲሰሙ “ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?” አሉ፣ ፈርመዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቦንጋ የቡና ሙዚየም አለ ይባላል። ጨምረን ብናየውስ?

የሸቤ ልጅ
አለ፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም። ግን ክርክሩን ያሳጥርባችኋል። ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው። ያኔም ክፍት መሆኑን አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ።