ጡቴ ትልቅ ነው፤ ልጄ ይዛ መቆየት አልቻለችም

አራስ ከገርጂ፦

እንደምን ናችሁ እናቶች? የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ተገላግዬ ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ማርያም ትመስገን። የከበደኝ ማጥባቱ ነው።

ከመውለዴ በፊትም ጡቴ ትልቅ ነበር፤ አሁን ወተቱ ሲሞላ አንዱ ከጭንቅላቷ ይበልጣል። ጫፉ ወደ ታች ስለሚያይ አፏ አይታየኝም፤ በዳበሳ ነው የማጎርሳት። ትይዛለች፣ ሁለት ሦስቴ ትስባለች፣ ከዚያ ጡቱ በራሱ ክብደት ከአፏ ያመልጣል። ተናዳ ታለቅሳለች፣ እንደገና እንጀምራለን። በአንድ እጄ ጡቱን፣ በሌላው እሷን ይዤ አንገቴና ትከሻዬ ደርቆ ይቀራል። ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ልትይዝ አፏን ስትከፍት ጥርሴን ነክሼ ነው የምጠብቃት።

ሊጠይቁኝ የሚመጡት ዘመዶች «በዚህ ጡት ወተት ሊያጥር ነው?» ይሉኛል። አክስቴ ደግሞ «እንዳታፍኛት» እያለች ከአጠገቤ አትነሳም። እኔም ፈርቼ ጡቱን በጣቴ ከአፍንጫዋ ራቅ ሳደርገው ጭራሽ ይወልቅባታል። የወለድኩበት ቦታ አንዲት ነርስ መጥታ ጡቴን ይዛ አፏ ውስጥ ከታልኝ ሄደች፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አላሳየችኝም። ትናንት ስትመዘን የተወለደችበት ክብደት ላይ ገና አልተመለሰችም። እማዬ የጣሳ ወተት እንጀምርላት እያለች ነው። እኔ ማጥባት ነው የምፈልገው። ከጡቴ ስር ደግሞ ላቡ ቆዳዬን አቅልቶት ያሳክከኛል።

ትልቅ ጡት ያላችሁ እናቶች እንዴት አድርጋችሁ አጠባችሁ? አቀማመጡን ሳይቀር ንገሩኝ እባካችሁ።

የሦስት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ፦

እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እናት! ሦስቱንም ያጠባሁት እንዳንቺው ባለ ጡት ስለሆነ ያልሽውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የአንገቱን መድረቅም፣ የዳበሳውንም።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዢልኝ፦ ጡትሽን ወደ ልጅቷ አታንሺ፤ ልጅቷን ጡትሽ ወዳለበት አምጫት። በየግድግዳው የተለጠፈው ሥዕል ላይ ያለችው እናት ጡቷ ትንሽ ነው፤ ልጇን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛለች። እኛ እሷን ልንመስል ስንሞክር ጡቱን በእጃችን ተሸክመን ነው የምናጠባው። እጃችን ሲዝል ጡቱ ይወርዳል፣ ልጁ ጫፉን ብቻ ነክሶ ይቀራል። የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። አሁን ልብስሽን አውልቂና ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፤ ጡትሽን ልቀቂው። ጫፉ የት ጋ አረፈ? ወደ ጎን ነው የሚያየው ወይስ ወደ ታች? የልጅቷ አፍ መምጣት ያለበት እዚያ ነው። ለብዙዎቻችን ከልጅቷ ስር ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢ ይበቃል፤ ትራስ መደራረብ ልጅቷን ከጡቱ በላይ ያወጣታል።

ቀጥሎ የፊት ፎጣ ጠቅልለሽ ከጡትሽ ስር ከጎድንሽ ጋር አጣብቀሽ አስገቢ። ጡቱ ፎጣው ላይ ያርፋል፣ ጫፉም ቀና ይላል፤ አፏ መታየት ይጀምራል። አሁንም ካልታየሽ ፊት ለፊትሽ ወንበር ላይ መስታወት አቁሚ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ የባለቤቴን የጺም መላጫ መስታወት ነበር የማቆመው። ፎጣው ላቡንም ይመጥልሻል።

ኦፕራሲዮን ስለሆንሽ በብብትሽ ስር አድርገሽ አጥቢያት። በቀኝ ጡትሽ ከሆነ ልጅቷ በቀኝ ጎንሽ ትሆናለች፤ እግሯ በብብትሽ ስር አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊቷ ወደ ጡቱ ይዞራል። ጀርባዋን በቀኝ ክንድሽ ደግፊ፤ መዳፍሽ ከአንገቷና ከትከሻዋ ስር ይሁን። ጭንቅላቷን ከኋላ አትግፊ፣ ሲገፉት ልጅ ወደ ኋላ ይታገላል። በእግሯ የወንበሩን መደገፊያ እየረገጠች ከተወጠረች ቂጧን አጠፍ አድርገሽ እግሯን ወደ ላይ ላኪው። በዚህ አያያዝ ቁስልሽ ላይ ምንም አያርፍም፣ አፏንም ከላይ ሆነሽ ታይዋለሽ። ለኛ ለትልልቆቹ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

በግራ እጅሽ ጡቱን ያዢ፦ አውራ ጣትሽ በአፍንጫዋ በኩል፣ አራቱ በአገጯ በኩል፣ ሁሉም ከጥቁሩ ክብ ራቅ ብለው። ወፍራም ድፎ ዳቦ ልንገምጥ ስንል በጣታችን ጫን እናደርገው የለ? እንደዚያ ጠፍጠፍ አድርጊላት። ጫፉን በአፍንጫዋ ትክክል አድርገሽ የላይኛውን ከንፈሯን ንኪበት። መጀመሪያ በጠባቡ ትከፍታለች፣ ያኔ አትስጫት። ልክ ስታዛጋ እንደምትከፍተው ሰፋ አድርጋ ስትከፍት አገጯ አስቀድሞ ጡቱ ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ፈጠን ብለሽ ወደ ራስሽ ሳቢያት። ይዛለች ብለሽ እጅሽን ወዲያው አትልቀቂ፤ የጡቱን ክብደት አገጯ ገና አይችለውም። ስትውጥ ከሰማሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ፎጣው ላይ አሳርፊው።

እጅሽ ሲደክም ነጠላሽን አጣጥፈሽ በጡትሽ ስር አሳልፊና ሁለቱን ጫፍ አንገትሽ ላይ ቋጪው። ጡቱን ነጠላው ይይዘዋል፣ አንዱ እጅሽ ነጻ ይወጣል።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጓዳ ግቢ። አሁን ሙሉ ጡትሽን አውጥተሽ፣ እያየሽ መማር ነው ያለብሽ፤ ተሸፋፍነሽ አትማሪውም። የሚቀየም ይቀየም፣ ሲበረታብሽ ደግሞ ይመጣሉ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦

እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የሐዋሳዋ እህት የጻፈችው አያያዝ ትክክል ነው፤ እኛም እናቶችን የምናሳየው እንደዚያው ነው። እኔ ስለ ክብደቷ ልጨምር፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ጨቅላ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል፤ እስከ 10 በመቶ የሚቀንስ አለ። አብዛኛው ግን በ2 ሳምንት ውስጥ የተወለደበት ክብደት ላይ ይመለሳል። ያንቺ ልጅ ገና ከሆነች በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ እንደገና አስመዝኛት፤ የሚመዝናትን ባለሙያ ስታጠቢም ተቀምጣ እንድታይሽ ጠይቂ። መጠየቅ መብትሽ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ዳይፐሯን ተከታተይ፦ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ በደንብ የራሰ ዳይፐር፣ 3 ጊዜ ያህል ደግሞ ቢጫ ለስላሳ ሰገራ መኖር አለበት። ጡት የምትሰጫትም በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ነው። ተኝታ ካለፈባት ቀስቅሻት። ሰውነቷ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ለመጥባት ጭራሽ ካልነቃች፣ ወይም ሽንቷ ካነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃት።

የጣሳ ወተቱን በተመለከተ፣ እናትሽ የሰጉት ለልጅቷ ብለው ነው። ባለሙያ ተጨማሪ ያስፈልጋታል ካለሽ የራስሽን ወተት በእጅሽ አልበሽ በንጹህ ስኒ ስጫት፤ ከዚያ የሚቀር ነገር ካለ ያኔ ትነጋገራላችሁ። ወተት የሚያመርተው የጡቱ እጢ ነው፤ ጡትን ትልቅ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ስቡ ነው። ስለዚህ በመጠኑ ወተት አይለካም፤ ይበዛልም አያስብልም፣ ያንሳልም አያስብልም። ጡቱ በተጠባና በታለበ ቁጥር ያመርታል።

በትክክል ከያዘች አፏ ሰፊ ነው፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጯ ጡቱን ነክቷል፣ ጥቁሩ ክብ ደግሞ ከአፏ በታች ካለው ይልቅ በላይ በኩል በዝቶ ይታያል። የመጀመሪያው አሳሳብ ሊያምሽ ይችላል። ከዚያ አልፎ እያመመሽ ከቀጠለ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂያትና እንደገና አስይዣት። ዝም ብለሽ አትቻይው፤ ቁስሉ የሚብሰው በመቻል ነው። ከጠባች በኋላ ከራስሽ ወተት ጠብታ ቀብተሽበት በአየር ይድረቅ። ጡቱ ድንጋይ ሆኖ ከተወጠረም ከመስጠትሽ በፊት ጥቂት አልቢ፤ ጥቁሩ ክብ ዙሪያው ሲለሰልስ ነው መያዝ የምትችለው።

አፍንጫዋን በተመለከተ ጡቱን በጣትሽ አትጫኚው። ቂጧን ወደ ሰውነትሽ አስጠጊ፣ ያኔ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ቀና ይልና አፍንጫዋ ይለቀቃል። የሕፃን አፍንጫ ጎን ለጎኑ ሰፋ ያለው ጡት ላይ ተጠግቶ እንዲተነፍስ ነው።

ከጡትሽ ስር ያለውን በውሃ ታጥበሽ፣ ሳታሺው በለስላሳ ጨርቅ አድርቂና የጥጥ ጨርቅ አስገቢበት፤ ሲረጥብ ቀይሪው። ቅቤም ቅባትም አትቀቢበት፣ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። ከተላጠ፣ ከሸተተ ወይም እየሰፋ ከሄደ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል አሳይው። ጡትሽ አንድ ቦታ ቀልቶ ከጠጠረና ትኩሳት ከመጣብሽም ማጥባቱን ሳታቋርጪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦

እኔ ስለ ጡት መያዣው ብቻ ልበል። ሽቦ ያለውን አሁን አታድርጊ፣ የሚያጣብቀውንም። አንድ ቦታ ሲጫን ወተቱ እዚያው ይቋጠራል፤ እኔን በብብቴ በኩል አሳብጦኝ ነበር። በኛ ቁጥር የማጥቢያ ጡት መያዣ እዚህም በቀላሉ አይገኝም፣ አዲስ አበባማ አውቃለሁ። ሰፊ የጥጥ ቦዲ ግዢና በሁለቱ ጡት ትክክል ቀዳዳ አውጪበት፤ ጨርቁ ከስርም ከጎንም ይደግፍሻል፣ ሆድሽም አይበርደውም። ከላዩ ሸሚዝ ጣል ማድረግ ነው።

የወተት ማለቢያ ማሽን የምትገዢ ከሆነ ደግሞ «ጡቴ ትልቅ ስለሆነ ትልቁን ቀዳዳ ስጡኝ» አትበይ። ልኩ የሚወሰደው ከጫፉ ውፍረት ነው። ይህንን የነገረችኝ ዊክ (አነስተኛ ገቢ ላላቸው እናቶችና ሕፃናት የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ያገኘኋት የማጥባት አማካሪ ናት። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ አራሶች ይህንን የምታነቡ ካላችሁ፣ ዊክ ውስጥ ባትሆኑም አብዛኛው ኢንሹራንስ ማሽኑንም አማካሪዋንም እንዲሸፍን ሕጉ ያስገድዳል፤ ሳትጠይቁ አትቅሩ።

አራስ ከገርጂ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ዛሬ ጠዋት ፎጣውን አስገብቼ በብብቴ ስር ሞከርኩ። በግራው እምቢ አለች፤ በቀኙ ግን ይዛ ቆየች፣ ስትውጥም ይሰማ ነበር። ነገ ጤና ጣቢያ አስመዝናታለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ የሌሊቱ ነው፦ ቁስሌ እያመመኝ በየሰዓቱ ተነስቼ መቀመጥ ከበደኝ። ተኝቼ ባጠባት በዚህ ጡት አይከፋም?

የሦስት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ፦

ጎሽ! ግራውን ደግሞ እንዲህ ሞክሪው፦ በቀኙ እንደያዝሻት ሳታዞሪያት ወደ ግራው አንሸራቻት። አተኛኘቷ ስላልተቀየረ ብዙ ጊዜ ይይዛሉ።

ተኝቶ ማጥባት ለኛ እንዲያውም ይቀላል፣ ጡቱን ፍራሹ ነው የሚሸከመው። በጎንሽ ተኚ፣ ከጀርባሽ ትራስ፣ በጉልበቶችሽ መካከል ሌላ ትራስ አድርጊ፤ ሆድሽ እንዳይጎተት ነው። ልጅቷ በጎኗ ተኝታ ፊቷን ወደ አንቺ ታዞራለች፤ አፍንጫዋ በጫፉ ትክክል ይሁን። የታችኛውን ጡት ስጫት። ጫፉ ፍራሹ ውስጥ ከተቀበረ ከጡቱ ስር የታጠፈ ጨርቅ አስገቢ፤ እሷን በትራስ ከፍ አታድርጊያት። የላይኛውን ጡት እንዳይወርድባት በክንድሽ ያዢው፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስም ከወገብሽ በታች አድርጊው።

ብቻ በዚህ ሁኔታ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ። የማስታገሻ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ የባሰ ያደክምሻል። እስክትጠግብ ድረስ ባለቤትሽ ወይም እናትሽ ነቅተው አጠገብሽ ይሁኑ፤ ስትጨርስ አስገስተው በጀርባዋ በራሷ መኝታ ያስተኟት። አንቺ ተነሽ አትበዪ። ነገ ስንት እንደመዘነች ጻፊልኝ።