መስኮቱ አይከፈትም፣ ስህተቱ ደግሞ ዜሮ ነው ይለኛል

የሌሊት ወፍ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። ለአጎቴ የእህል መጋዘን ትንሽ የመዝገብ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ እየሠራሁ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ፣ በቀጥታ በዊን 32 (በዊንዶውስ በራሱ ፋንክሽኖች)። ኮምፓይል ሲሆን አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። ስከፍተው ግን ጭጭ! መስኮት የሚፈጥረው ፋንክሽን፣ ክሪኤት ዊንዶው ኤክስ፣ ነል (ባዶ) ይመልሳል። ወዲያው የመጨረሻውን ስህተት ቁጥር የሚናገረውን ጌት ላስት ኤረርን ስጠይቅ 0 ይለኛል። ዜሮ "ሰላም ነው" ማለት አይደል እንዴ? ሁለት ሌሊት አለፈኝ። አጎቴ "ያ ነገር ደረሰ?" ባለኝ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ቡና በስኒ፦
የመስኮቱን ክላስ፣ ማለትም መስኮቱ የሚሠራበትን ንድፍ፣ መመዝገብህን አየህ? እኔ አንዴ እዚያ ውስጥ መጠኑ የሚጻፍበትን ሲቢ ሳይዝን ሳልሞላ ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

የሌሊት ወፍ፦
ሞልቼዋለሁ። ምዝገባውም ያልፋል።

ጋሽ ፖይንተር፦
ችግሩ ምዝገባው ቢሆን ስህተት 1407 ይመጣ ነበር፤ ክላሱን አጣሁት ማለት ነው። ክሪኤት ዊንዶው ኤክስ ገና ሳይመለስ ዊንዶውስ ያንተን የመልእክት ፋንክሽን ይጠራል። የሚደርሱህን የመልእክት ቁጥሮች ወደ ዲበገር (ስህተት መፈለጊያው) በሚጽፈው በአውትፑት ዲበግ ስትሪንግ አውጣና ለጥፍልን። ፕሪንት ኤፍ አትልፋ፤ ኮንሶል (የጽሑፍ መስኮት) ስለሌለህ የትም አይታይህም።

የሌሊት ወፍ፦
እሺ ጋሼ። ሦስት ብቻ ናቸው፦ 36፣ 129፣ 130። ከዚያ ጸጥ። ፋንክሽኑ ውስጥ መስኮቱ ሲፈርስ የሚመጣውን መልእክት፣ ዲስትሮይን፣ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ለሌላው ሁሉ ሪተርን 0።

ጋሽ ፖይንተር፦
በቃ ተያዘ። 129 መስኮቱ መፈጠር ሲጀምር የሚመጣው መልእክት፣ ኤንሲ ክሪኤት፣ ነው። "ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀህ፣ አንተ በዜሮ "ተው" አልከው። እሱም ታዘዘና 130ን፣ ኤንሲ ዲስትሮይን፣ ልኮ አፈረሰው። የከለከልከው አንተ ነህና ምን ስህተት ይመዝግብ? የማትይዘውን መልእክት ሁሉ ለዊንዶውስ የራሱ መደበኛ መላሽ፣ ለዲፍ ዊንዶው ፕሮክ፣ ስጥ፤ የሱን መልስ መልስ። በኋላ የሚመጣው ክሪኤት የሚባለው መልእክት ደግሞ ግልባጩ ነው፤ እዚያ 0 ቀጥል፣ -1 አቁም ማለት ነው። ማን እንዲህ እንዳሰበው እንጃ።

የሌሊት ወፍ፦
ተከፈተ! በአንድ መስመር! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ርዕሱ ላይ "የእህል መዝገብ" ብዬ የጻፍኩት የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ።

ቡና በስኒ፦
ይሄንንስ እኔ አውቀዋለሁ። ስማቸው በኤ የሚያልቀውን፣ የድሮውን የፊደል አሠራር የሚጠቀሙትን ፋንክሽኖች ነው የጠራኸው። በደብልዩ የሚያልቁትን፣ ዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደል) የሚቀበሉትን ጥራ፣ ኮዱ ውስጥ ከጽሑፉ ፊት ኤል የሚለውን ፊደል አድርግ። ምዝገባውንም፣ መፍጠሪያውንም፣ ዲፍ ዊንዶው ፕሮክንም አብረህ ቀይር፤ ከቀላቀልካቸው ርዕሱ እንደገና ይበላሽብሃል።