ልጁን «ደምሴ» እንበለው ወይስ «ናታን»?

የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ አባት (ደሴ)፦
ወገን፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ልጄ ዛሬ 26 ቀኑ ነው። በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ስም ላይ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። አባቴ «ደምሴ በሉት» ይላል፤ የአባቱ ስም ነው። ባለቤቴ «ናታን» ትላለች። አባቴ ናታን ሲባል ፊቱን ያዞራል። «ይሄ ስም አጥንት የለውም» ይላል። ትናንት ልጁን ታቅፎ፣ ጆሮው ስር ጠጋ ብሎ «ደምሴ! ደምሴ!» ሲለው ነበር። ሕፃኑ አንዴ ብርግግ አለና መልሶ ተኛ። እኔ ልቤ ወደ አባቴ ያደላል። ጠንከር ያለ ስም ለዛሬ ልጅ ይሆናል ወይስ ዘመኑ አልፎበታል?

ነጋዴው ከሰኞ ገበያ፦
ምን ያጠያይቃል? ደምሴ በለው! ስም እኮ ከመቃብር በላይ ይውላል። የኛ አባቶች ስም ሲያወጡ ልጁን አጀግነው ነው። በላይ፣ ተፈራ፣ አጥናፉ። ሴቷን እንኳ አሰገደች ይሏታል። ስትጠራው አፍህን ይሞላል፤ ተራራ ላይ ሆነህ ብትጣራ ማዶ ይሰማል። የዛሬዎቹን ስሞች ከቤት ውጭ ስትጠራቸው ነፋስ ይዟቸው ይሄዳል። ደግሞ የልጅህ ስም ነገ የልጅ ልጆችህ የአባት ስም ነው። ያን አስብ።

መምህርት ከሐይቅ፦
እኔ አልስማማም። ለ14 ዓመት ስም ጠርቻለሁ። አንድ ዓመት «አስደንግጥ» የሚባል ልጅ ነበረኝ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ድምፁ የማይሰማ። ጠዋት ጠዋት ስሙን ስጠራ ክፍሉ ይስቃል። ልጁ «አቤት» ማለቱን ተወው፤ እጁን ብቻ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ማድረግ ጀመረ። እኔም ቀስ በቀስ ስሙን ዝቅ አድርጌ መጥራት ለመድኩ። ወላጆቹ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ስሙን ተሸክሞ ክፍል የሚገባው ልጁ ነው። ወንድሜ፣ ልጅህ ጸጥ ያለ ቢሆንስ?

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
ነጋዴው ወንድማችን አባቶችን ጠቅሷልና እኔም ልጥቀስ። አፄ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው ካሳ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሳ ነበሩ። አፄ ምኒልክ ሣህለ ማርያም። ካሳ ማለት ለጠፋው ምትክ ነው፤ ማንንም አያስፈራም። የሚያስፈራው ስም የመጣላቸው ካደጉ በኋላ ነው፣ ያውም በፈረሳቸው። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው። የበላይ ዘለቀ አባ ኮስትርም የፈረስ ስም ነው። ጉልበት ያለው ስም የሚሰጠው ጉልበቱ ለታየ ሰው ነበር። ለጨቅላ አልነበረም።

የኛውን የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ተመልከቱ። ሲወለዱ መሐመድ አሊ ናቸው። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ። በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ናቸው። ታዲያ እኚህ ጦረኛ ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ማን ይባላል? አይጠየፍ! ማንንም ሳይጠየፍ የሚያስገባ። ለኔ ከዚህ የጠነከረ የወሎ ስም የለም።

ነጋዴው ከሰኞ ገበያ፦
ታሪኩን ተቀብያለሁ። ግን ዛሬ ፈረስ የለም፣ የፈረስ ስምም የለም። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሁለተኛ ስም የሚያወጣለት የለም። ያለው ያ አንዱ ነው። ካሁኑ ካልሰጠነው መቼ ልንሰጠው ነው?

እናት ከኮምቦልቻ፦
እኔ ስለ ድምፁ አልከራከርም። ትርጉሙ ነው የሚከብደኝ። ደምሴ ማለት «ደመሰሰ» ከሚለው ነው። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ በእግሬ ወጣሁ። ያኔ በየሬድዮው፣ በየሰዉ አፍ ያለው ቃል «ደመሰስን፣ ተደመሰሱ» ነበር። ልጄ ስትወለድ ሰላም አልኳት። ደካማ ስም ነው የሚለኝ ካለ ያን መንገድ ከኔ ጋር ይሂድና ይንገረኝ።

ከጂዳ የተመለሰች (መርሳ)፦
እህቴ፣ አይዞሽ፣ ያለፈ አይመለስ። እኔ ደግሞ የጠነከረ ስም አዳነኝ ባይ ነኝ። ስሜ አሰገደች ነው። ስሄድ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ከድጃ አስባለኝ። ከድጃ የተከበረ ስም ነው፤ የአክስቴም ስም ነው። ግን የኔ አይደለም። ማዳሜ ስድስት ዓመት በሱ ጠራችኝ። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ስሜን ለራሴ እጠራው ነበር። «አሰገደች» ስል ወገቤ ቀና ይል ነበር። ቦሌ ስደርስ ወንድሜ ከሰው መሃል ጮሆ ጠራኝ። ሻንጣዬን ጥዬ አለቀስኩ። ለስላሳው ስም ያን ያህል ይሸከመኝ ነበር? አይመስለኝም።

መምህርት ከሐይቅ፦
አሰግዬ፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ያ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ስሙን ዝቅ አድርጌ ከመጥራት ይልቅ የሚስቁትን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። አሁን ነው የገባኝ።

አባ ከባቲ፦
ልጆች፣ እኔም ልናገር። መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ አላህ ያሳድገው። አያትየው ጆሮው ላይ መጥራታቸውን ወደድኩት። እኛም ልጅ ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን እናሰማዋለን፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርደን ስሙን እናወጣለን። እናቴ በ77 ድርቅ ሁለት ወንድሞቼን ቀብራለች። እኔ በዓመቱ ተወለድኩ። ሽማግሌዎች ይመር እንበለው፣ ይማም እንበለው ሲሉ እሷ «ኑርልኝ» አለች። ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው። ይኸው ኖርኩላት። እሷንም በእጄ ቀበርኳት። ሰዉ ጠንካራ ስም የሚለው የሚመታውን ነው፤ እኔ የማውቀው የሚቆየውን ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አብሽር፣ አትጨነቅ። ግን አባትህን አንድ ነገር ጠይቃቸው። አያትህ ደምሴ የተባሉት ለምንድን ነው?

የቧንቧ ውሃው አባት (ደሴ)፦
አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠየቅኩት። ማታ ቡና ላይ፣ ሁላችሁም የጻፋችሁትን አንብቤለት ነበር። ኑርልኝ የሚለው ጋ ስደርስ ሲኒውን አስቀመጠ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አባቴ የመጀመሪያ ልጅ አይደለም» አለኝ። ይሄን በ34 ዓመቴ ገና መስማቴ ነው። ከሱ በፊት ሦስት ነበሩ። ቤተሰቡ ለሥራ ቆላ ወርዶ ንዳድ ጨረሳቸው። አራተኛው ሲወለድ ቅድመ አያቴ «ይሄ ሞትን ይደምስስልኝ» አለች። ደምሴ የተባለው ለዚያ ነው። ጠላት የተባለው ንዳዱ ነው፤ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ጓዳ ሆና ሰምታዋለች። ወጥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። «የሦስቱስ ስም ማን ነበር?» አለችው። አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እስካሁን አልወሰንንም። 13 ቀን አለን። ዛሬ ጠዋት ልጁን ስታጥበው ግን ሰማኋት። አንዴ «ናቲ» አለችው። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ ሌላውንም ሞከረችው።