ለትንሽ ጀልባ መልህቅና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መትከያ እቤት እንዴት ልሥራ?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ናችሁ። ድሬ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሐሮማያ እንወጣለን። ሐይቁ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ያየሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ውሃው ተመልሶ ላዩ ላይ በጀልባ ስሆን የሚሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ችግሩ ጀልባዋ ባዶ ናት። ነፋስ ሲነሳ ትወስደናለች። ድንጋይ በገመድ አስረን ጣልን፣ እሱም ተንሸራተተ። ዘንጉን ደግሞ በጉልበታችን ይዘን ነው የምንውለው፣ ባለፈው መንጠቆ ሳላቅቅ አንዱ ውሃ ገብቶ ቀረ። በምን ልሥራቸው? ብየዳ አልችልም።

ሸዋ በር
አቦ መትከያው ቀላል ነው። ቤት የሚሠራበት ቦታ ሂድ፣ የ50 ሚሊ ፒቪሲ ቁራጭ አታጣም። 30 ሳንቲም ቁረጥ። ከታች አራት ጣት ያህል ከፍ ብለህ ከጎን ወደ ጎን ብሳና ቡሎን አሳልፈህ በዳዶ እሰር፣ ዘንጉ እሱ ላይ ያርፋል። ታችኛውን አፍ አትድፈነው፣ ውሃ ይውጣበት። የላይኛውን አፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ሲለሰልስ የለስላሳ ጠርሙስ አንገት አስገብተህ ግፋ፣ ሰፋ ይላል፣ ዘንጉም አይፋቅም። እሳት ላይ ግን እንዳታደርገው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ስታስረው ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው።

ዝዋይ የነበርኩ
መልህቁን እኔ ልንገርህ፣ ዝዋይ ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ድንጋይ ደለል የሚነክስበት ጥርስ የለውም። የ4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ጎኑን ብሳና ሁለት ፌሮ በመስቀል አሳልፍ፣ ጫፋቸው በየጎኑ አንድ ስንዝር ይውጣ። መሃሉ ላይ ለገመድ ቀለበት የሚሆን ቆልማማ ፌሮ አቁምና ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሙላው። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ አንድ ሳምንት ተወው፣ በድሬ ሙቀት ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ወደ 9 ኪሎ ይመጣል፣ ግን ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ገመዱ ነው። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ 10 ሜትር ልቀቅ። ገመድ ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ሲረዝም ግን አግድም ስለሚስበው ጥርሱ ይገባል። ከፊት እሰረው፣ ከጎን ካሰርከው ማዕበሉ ጎኗን ይመታና ይገለብጣችኋል!

የሳቢያን ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለካ የኛ ገመድ 3 ሜትር ነበር። መንጠቆውን ለሚያሰምጠውስ፣ ጎሚስታ ጋ ካለው አሮጌ እርሳስ አቅልጬ ብሠራ?

የቀፊራዋ
ወንድሜ እርሳስ እቤት አይቀለጥም፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ጭሱና አቧራው የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ያረጁ ዳዶዎች ክር ላይ ሰካ፣ ይበቃል። ደግሞ ሁላችሁም ስለ ዓሣው ብቻ ታወራላችሁ፣ ሁለታችሁ ዋና ትችላላችሁ? 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ለየሰው አንድ አንድ ገመድ አስረህ ያዝ። ባዶው ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ያንሳፍፋል።

የሳቢያን ልጅ
የአክስቴ ልጅ ዋና አይችልም። ጀሪካኑን ዛሬ አገኛለሁ፣ ቆርቆሮውን እሁድ እሞላለሁ።