ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ የትኛውን ካቻቪቴ ላስመጣ?

ካቢኔ ሠሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኪችን ካቢኔና ቁም ሣጥን እገጥማለሁ፤ የምሠራው አየር ጤና አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሚመጣው ወር ከቨርጂኒያ ይገባል። «ምን ልያዝልህ?» ሲለኝ ካቻቪቴ አልኩት። ስልክ ወይ ጫማ እንድለው ነበር የጠበቀው፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳቀብኝ።

«ድሪል የለህም እንዴ?» እንዳትሉኝ። አለኝ። ግን ቺፑድ ላይ በድሪል ማጥበቅ ዕዳ ነው። ብሎኑ ልኩ ላይ መድረሱ ሳይሰማህ አንድ ዙር ያልፍና ቀዳዳው ዱቄት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የክብሪት እንጨት ኮላ ነክሮ መጠቅጠቅ ነው። ስለዚህ ማጠፊያ ሁልጊዜ በእጄ ነው የምጨርሰው። 24 በር ያለው ኪችን 48 ማጠፊያ አለው፤ በእያንዳንዱ 4 ብሎን ስትል 192 ነው። በሩን ለማስተካከል ማላላቱንና መልሶ ማጥበቁን አልቆጠርኩም። ማታ ማታ ቀኝ አንጓዬን እንጀራ መቁረስ እስኪያቅተኝ ድረስ ያመኛል።

ከመስከረም ወዲህ ሦስት ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ጫፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ተማሪ እርሳስ ዶለዶመ። ሁለተኛው እጀታው ላስቲክ የለበሰ ነበር፤ ሲያዩት ያምራል፣ ላብ ሲነካው ግን እንደ ማስቲካ እየተላጠ መዳፌ ላይ ቀረ። የገደለኝ ሦስተኛው ነው። የቤቱ ባለቤት ቆማ እያየችኝ የመጨረሻውን በር ሳጠብቅ እጀታው ዞረ፣ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። ውስጥ ለውስጥ ለቋል። እኔ አዞራለሁ፣ እሱ ቆሞ ያየኛል። ሻጩ «ጋራንቲ አለው» ብሎኝ ስለነበር ይዤለት ሄድኩ። «ጋራንቲው እስከ በሩ ድረስ ነው» አለኝ። ተሳስቀን ተለያየን፣ ምን ላድርግ።

አሁን ዌራ፣ ዊሃ፣ ፒቢ ስዊስ፣ ክላይን የሚባሉትን ዩቲዩብ ላይ እያየሁ ግራ ገብቶኛል። ሙሉ ቀን ለሚጨብጥ ሰው እጅ የሚስማማው የቱ ነው? ጫፉ የሚቆየውስ? ደግሞ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚሉት ነገር አዲስ አበባ ላለሁት ለእኔ ይጠቅመኛል ወይስ ለእሱ ብዬ ተጨማሪ ዶላር አላስወጣው?

ፋዝና ኒውትራል፦

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ዊሃ ባለ 1000 ቮልቱን ከያዝኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ጫፉ አሁንም ስል ነው። ለአንተ ግን አልመክርህም። ዘንጉ እስከ ጫፉ ድረስ በፕላስቲክ ስለተሸፈነ ወፍራም ነው፣ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ አይገባልህም። ያ ዓይነቱ ፋብሪካ ላይ በ10,000 ቮልት እየተፈተነ ስለሚወጣ የምትከፍለው ለዚያ ነው፤ አንተ የማትፈልገውን ነገር ለምን ትገዛለህ?

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በመዶሻ እንዲመቱት ተብሎ ከእጀታው ጀርባ ብረት ብቅ ያለበት አለ፤ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጀርባ አንድ ወጥ ብረት ነው። ካቢኔ ገጣጣሚዎች በዚያ የምድጃ ሶኬት ሲነካኩ አይቻለሁ። ላስቲክ እጀታ አለው ማለት ኤሌክትሪክ አይዝህም ማለት አይደለም። 220 ነው፣ አይቀለድበትም።

የአሌክሳንድሪያው፦

ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ አፓርታማ ጥገና ላይ 11 ዓመቴ ነው። የጠቀስካቸውን አራቱንም ይዣቸዋለሁ፤ ሁለቱን በገዛ ገንዘቤ፣ ሁለቱን ከሥራ።

ከእጅ ልጀምር። ቀጭን እጀታ ስትይዝ እንዳያመልጥህ ሳታውቀው አብዝተህ ትጨብጣለህ። የሚያደክምህ ማዞሩ ሳይሆን መጨበጡ ነው። ዌራ እጀታው መሃሉ ላይ ሆድ አለው፣ መዳፍህን ይሞላዋል፤ ቦታ ቦታው ላይ ለስላሳ ላስቲክ አለ፣ ቦታ ቦታው ላይ ደግሞ ደረቅና ሙልጭ ያለ ፕላስቲክ። ስታጠብቅ ላስቲኩ ይይዝልሃል፣ ብሎኑ ላልቶ በጣትህ ብቻ ስታሽከረክረው ደረቁ ጣትህ ውስጥ ይንሸራተታል። ሱቅ ውስጥ ሳየው አስቀያሚ ነበር የመሰለኝ። ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችው ሥጋ ማታ ማታ ታቃጥለኝ የነበረው ከእሱ በኋላ ቀረ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን እጇ ትንሽ ስለሆነ ዌራውን አትወደውም፤ ዊሃውን ነው የምትሰርቀኝ። እንግዲህ እጅህን የምታውቀው አንተ ነህ።

ክላይን እዚህ የኤሌክትሪሺያኖች ፍቅር ነው፤ በፈረንጆቹ 1857 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ጠንካራ ነው፣ ብትጥለው ብትረግጠው ግድ የለውም። እጀታው ግን ለእኔ ከዌራው ይቀጥናል።

ፒቢ ስዊስ ሌላ ዓለም ነው። ስዊዘርላንድ ኤመንታል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱ ዘንግ ላይ የራሱ ቁጥር ተቀርጿል። ባለ ጠንካራ ፕላስቲኩ እጀታ ደግሞ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል! የመሣሪያ ሳጥኔን ስከፍት ኬክ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። (የድሮ የአሜሪካ ካቻቪቴዎች በተቃራኒው ሲያረጁ የተበላሸ ቅቤ ነው የሚሸቱት። ፕላስቲኩ ሲያረጅ የሚለቀው አሲድ ከተበላሸ ቅቤ ውስጥ የሚወጣው ራሱ ነው፤ አፍንጫህ አልተሳሳተም።)

ወደ ዋስትናው። እዚህ አገር ሲርስ የሚባል ትልቅ ሱቅ ነበር፤ ክራፍትስማን የሚለውን ዕቃ ከፈረንጆቹ 1927 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። የተሰበረ ይዘህ ትገባለህ፣ አዲስ ይዘህ ትወጣለህ። እኔም ከጋራዥ ሽያጭ በአንድ ዶላር የገዛሁትን አሮጌ እንዲያ ቀይረውልኛል። ከዚያ በፈረንጆቹ 2017 የክራፍትስማን ስም ለስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ተሸጠ፣ ሲርስ ራሱ በ2018 ኪሳራ ውስጥ ገባ። ዕቃው ዛሬም አለ፣ ዋስትናውም አለ፤ የለመድኩት ሱቅ ግን ተዘግቶ በሩ ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል።

የሌላ ድርጅት ዕቃ ደግሞ ጫፉ ሲበላብኝ ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ስሙን አልጠራም። «ይህ በአጠቃቀም የመጣ መበላት ነው፣ ዋስትናው የሚሸፍነው የፋብሪካ ስህተትን ነው» የሚል መልስ መጣ። ተናደድኩ፤ በኋላ ወረቀቱን ሳነበው እውነትም እንዲያ ይላል። የሁሉም ማለት ይቻላል እንዲያ ነው የሚለው። ካቻቪቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው በጫፉ በኩል ነው! በዚህ ላይ አንተ ካለህበት በፖስታ ልላክ ብትል የመላኪያው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። የአንተ ዋስትና ወንድምህ ነው፤ እሱም በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለት ዕቃ ነው የማስመጣው። አንደኛ፣ ለዕለት ሥራህ አንድ ጥሩ ወጥ (ጫፉ የማይነቀል) ካቻቪቴ፣ ዌራ ወይም ዊሃ። ሁለተኛ፣ ቢት (ተነቃይ ጫፍ) የሚቀየርበት እጀታ፣ ባለ ሩብ ኢንቹን፣ ከአሥር ትርፍ ቢት ጋር። ጫፉ ሲበላ ጥለህ ሌላ ትሰካለህ፤ የድሪልህም ቢት እዚያው ይገባል። ጉዳቱ፣ የቢቱ መያዣ ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ያስቸግራል፣ ትንሽም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ወጡን አትተው የምልህ።

ካቢኔ ሠሪው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እጄ ትልቅ ነው፣ ዌራ ይሁን እንግዲህ። ባለመስቀሉን፣ 2 ቁጥሩን ብዬ ልንገረው?

ዲቲ 125፦

ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ካቻቪቴውን ተወውና መጀመሪያ የብሎንህን ራስ እየው።

ባሕር ዳር ሞተር ሳይክል ስፈታ 30 ዓመቴ ነው። ግማሹን ዕድሜዬን የካርቡሬተር ብሎን እየበላሁ ነው የኖርኩት። ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጃፓኖች ጋ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ቬሰል የሚባል የኦሳካ ካቻቪቴ ትቶልኝ ሄደ። ያንኑ ብሎን ነክሶ ይዞ አወጣው። ለካ የጃፓን መስቀልና የአሜሪካን መስቀል አንድ አይደለም! ብዙ ጊዜ የጃፓኑ ራሱ ላይ አንዲት ነጥብ አለችው። የአሜሪካኑ፣ ፊሊፕስ የሚባለው ሰው በፈረንጆቹ 1936 ፓተንት ያወጣለት፣ ሲጨነቅ ካቻቪቴውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

የአንተ ደግሞ ሦስተኛው ይመስለኛል። ማጠፊያዎችህ የአውሮፓ ወይም በአውሮፓ ልክ የተሠሩ ከሆኑ ብሎኑ ፖዚድራይቭ ነው የሚሆነው። ከመስቀሉ አራት ክንፎች መካከል መካከል ላይ ቀጫጭን ጭረት ካየህ አለቀ። በፊሊፕስ ብትገባበት ይገባልሃል፤ ግን ጫፉ ሾጣጣ፣ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ውስጡ ይወዛወዛል፣ ስታጠብቅ ይሸሽሃል። እንዳይሸሽህ ትጫነዋለህ። 192 ጊዜ እየተጫንክ አንጓህን ቢያምህ ምን ይገርማል?

የአሌክሳንድሪያው፦

አባባ ትክክል ናቸው፤ ይሄን አለማንሳቴ ያሳፍራል። ለወንድምህ በደንብ ንገረው፦ «ፒኤች 2» (ፊሊፕስ) ሳይሆን «ፒዜድ 2» (ፖዚድራይቭ)። እዚህ ሰፈር ሱቅ ገብቶ ባለመስቀል 2 ቁጥር ካለ የሚሰጡት ፊሊፕስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፖዚድራይቭ ሱቅ ላይ እምብዛም አይገኝም፣ በኢንተርኔት ማዘዝ አለበት። ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ይክተተው፤ ከ7 ኢንች የሚረዝም መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አያሳልፉለትም።

ካቢኔ ሠሪው፦

አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ማጠፊያውን በስልክ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። ጭረቶቹ አሉ። አራቱም። በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ብሎን እንዳጠበቅኩ እንጃ፣ አንድ ቀን አላየኋቸውም። መርካቶ ለብቻው የምገዛው የቺፑድ ብሎን ግን ግማሹ ጭረት አለው፣ ግማሹ የለውም፤ በአንድ ካርቶን ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለዋል።

ከዚያ የድሪሌን ሳጥን ገለበጥኩት። ከድሪሉ ጋር አብሮ ከመጣው የቻይና ቢት መሃል አንዱ ላይ ፒዜድ 2 ተጽፎበታል፣ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። አንድ ብሎን ቺፑዱ ላይ ጀመርኩና ቢቱን ራሱ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳሁ። ሳልይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊሊፕሱን ሳስቀምጠው ወደ ጎን ዘመመና ወደቀ።

ለወንድሜ ስደውልለት ግን ሊያስደስተኝ ብሎ ትናንትና ገዝቶ ቆየኝ። ፎቶ ላከልኝ፤ 40 ፍሬ ነው፣ ሳጥኑ ላይ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ባለመስቀሎቹ በሙሉ ፒኤች። ደረሰኙን እንዳይጥለው ነግሬዋለሁ። ነገ ከሥራ ሲወጣ ይመልሰዋል።