ወንድሜ መታወቂያ ስላልያዘ ከሚኒባስ አስወርደውታል፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ሆኖ ሳለ ተሳፋሪ ለምን ይጠየቃል?

የሳቢያኗ እህት፣ ጠዋት 3፡20

የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ሲጓዝ፣ ደንገጎን ካለፉ በኋላ ፖሊስ መኪናውን አስቆመ። ምክንያቱ ሹፌሩ ትርፍ ሰው መጫኑ እንደሆነ ወንድሜ ራሱ ደውሎ ነግሮኛል። ሹፌሩ ተቀጥቶ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ ብለው ሲጠብቁ፣ ሌላ ፖሊስ በሩን ከፍቶ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ የተሳፋሪውን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ ጀመረ። ወንድሜ ስላልያዘ ውረድ ተባለ፤ መኪናውም ትቶት ሄደ። አሁን መንገድ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ የስልኩም ባትሪ ሊያልቅ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እናታችን ገና አልሰማችም። አሁን ምን ላድርግ? ደግሞስ ትርፍ የጫነው ሹፌሩ ሆኖ ሳለ ተሳፋሪው ለምን መታወቂያ ይጠየቃል?

ዳቻቱ ማዶ፣ 3፡26

ፋይዳ ተመዝግቦ ከሆነ ችግር የለም። ቁጥሩ በተመዘገበበት ስልክ በአጭር መልእክት ደርሶታል፤ እሱን ፈልጎ ያሳያቸው። የታተመውን ካርድ ባይዝም ፎቶው ስልኩ ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጡረተኛው መምህር፣ 3፡34

ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። የጠየቅሽውን «ለምን» ለመረዳት መንገዱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ጣቢያ በመሠራቱ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ዕቃ በዚህ በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። ዛሬም ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ነገር ግን በዚህች አጭር መንገድ ላይ ተጓዡ ሦስት አስተዳደር ያቋርጣል። የሚነሳው ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ከሆነው የድሬዳዋ አስተዳደር ነው፤ ደንገጎን፣ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን የሚያልፈው በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ የሚደርሰው ደግሞ ሐረሪ ክልል ነው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ታክሲ ተሳፍሮ ከከዚራ ቀፊራ እንደመሄድ አድርጎ ማሰብ አይገባም። ለእኛ የዘመድ ቤት መንገድ ቢሆንም ለተቆጣጣሪው መተላለፊያ መስመር ነው።

የደንገጎ ሹፌር፣ 3፡41

መምህር የተናገሩት ትክክል ነው፤ ሆኖም እህቴ፣ ጥያቄሽ የተነሳበት ሐሳብ ላይ አልስማማም። «የቆመው በሹፌሩ ጥፋት ነው፣ ተሳፋሪው ምን አገባው» ብለሻል። በዚህ መስመር ለብዙ ዓመታት ነድቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ኬላ ላይ የሚቆሙት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ትራፊኩ የሚመጣው በሹፌሩ በኩል ሲሆን፣ የሚጠይቀውም መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ከተሳፋሪው የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሌላው ፖሊስ የሚመጣው በረዳቱ በር በኩል ነው፤ ለእሱ ደግሞ ትርፍ ተጫነ አልተጫነ ጉዳዩ አይደለም። የሚፈልገው ማን እንደተሳፈረና ከወንበር ሥር ያለው ዕቃ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። መኪናው በምንም ምክንያት ይቁም፣ አንዴ ከቆመ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ወንድምሽ የተጠየቀው በሹፌሩ ጥፋት አይደለም።

የዕቃውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አንዲት ነጋዴ የኮንትሮባንድ ልባሽ ጨርቅ ወይም ሲጋራ በአንድ ማዳበሪያ አትጭንም። ለአንዱ ተሳፋሪ ሁለት ሱሪ፣ ለሌላዋ አንድ ብርድ ልብስ ትሰጥና «እባክህ ወንድሜ፣ እስከ አወዳይ ብቻ ያዝልኝ» ትላለች። ሰውም ይሉኝታ ይዞት ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥላታል። ፖሊሱ ሲመጣ እሷ ዝም፣ ዕቃው የያዘው ሰው ነው። መታወቂያ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ዕቃውን ከሰው ጋር፣ ሰውን ከስም ጋር ለማገናኘት። ስለዚህ ወንድምሽ የሌላ ሰው ዕቃ ይዞ ከነበረ አሁኑኑ ንገሪን።

የሳቢያኗ እህት፣ 3፡47

ምንም አልያዘም፤ አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ ናት ያለችው፣ ውስጧም ልብስና የአጎታችን ልጅ ሠርግ ስጦታ ነው። ፋይዳ አልተመዘገበም። የቀበሌ መታወቂያም ገና አላወጣም፣ 18 ዓመት የሚሞላው በመጪው ጥር ነው።

ሸዋ በር፣ 3፡49

እህቴ፣ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ይህ ነው! 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን እየተጓዘ ነው ማለት ነው። ይህ ጉዳዩን ከሥር ይለውጠዋል።

የሕግ ተማሪ፣ 3፡58

ሸዋ በር እንዳለው ዕድሜው ወሳኝ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መታወቂያ የመያዝ ግዴታ የጣለው 18 ዓመት በሞላው ኢትዮጵያዊ ላይ ነው። ወንድምሽ ገና በመሆኑ መታወቂያ አለመያዙ በራሱ ጥፋት ሊሆን አይችልም፤ ይህንንም በትሕትና ለፖሊሱ ማስረዳት ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አብራችሁኝ አስቡ። ፖሊሱ ያየው ጎረምሳ ነው፤ ብቻውን ነው፤ ቦርሳ ይዟል፤ ማንነቱን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ምሥራቁ የአገራችን ክፍል በደላላ ተታለው ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመን የሚሄዱ ልጆች የሚያልፉበት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከወንድምሽ ጋር የሚቀራረብ ነው። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የወጣው ይህ ጉዳት ስለበዛ ነው። ስለዚህ «ወዴት ትሄዳለህ፣ ማን ይጠብቅሃል፣ ወላጆችህ ያውቃሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊቆጣ አይገባውም። ጥያቄው የሚጠብቀው እሱን ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ አዋቂ ሰው በስልክ ካገናኛችሁት ጉዳዩ የሚያልቅ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል መታወቂያ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ ይዞ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ በስልክ ስታናግሪያቸው መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህን ይሁን፦ «ወንድሜ ተይዟል ወይስ ማንነቱ እስኪታወቅ እየጠበቀ ነው?» በአብዛኛው መልሱ ሁለተኛው ይሆናል።

ነፃ ተጓዥ፣ 4፡03

እኔ በዚህ አልስማማም። በገዛ አገሬ፣ ከተወለድኩበት ከተማ አያቴ ወዳለችበት ከተማ ስሄድ ማንነቴን ለምን አስረዳለሁ? አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት ሰጥቶናል። ልጁ ምንም ሳያጠፋ መንገድ ዳር ቀርቷል፤ መኪናውም ሄዷል። ይህን «ለአንተ ጥበቃ ነው» ብሎ ማለፍ ከባድ ነው።

የሕግ ተማሪ፣ 4፡07

ቅሬታህ ተገቢ ነው፤ በተለይ ልጁን አውርዶ መኪናውን ማሰናበት ትክክል አይመስለኝም፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አስጠብቆ ወደ ቤተሰቡ መደወል ይቻል ነበር። የገንዘቡም ነገር አለ፤ ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሎ ከሆነ ረዳቱ ሊመልስለት ይገባ ነበር። ሆኖም ይህን ክርክር ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ እንቀጥለው።

እናት ዘለገሃሬ፣ 4፡10

የእኔ ልጅ፣ አይዞሽ። ባለፈው ዓመት ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ልንሄድ ስንል በእኔም ሴት ልጅ ላይ እንዲሁ ደርሶብኛል፤ በበዓሉ ሰሞን ፍተሻው ከሌላው ጊዜ ይጠብቃል። ያደረግሁትን ልንገርሽ። የተማሪ መታወቂያዋን ፊትና ጀርባ ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያም የልደት ምስክር ወረቀቷንና የራሴን የቀበሌ መታወቂያ ጨመርሁ፤ የእኔ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ስለሆነ ቤተሰብነታችን ይታያል። የልጄ ስልክ ጠፍቶ ስለነበር አጠገቧ ወደነበረች ሻይ ሻጭ ስልክ ላክሁት። ፖሊሱ ፎቶውን አስፍቶ ማኅተሙን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ «እናቷ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልሁት፤ የምታርፍበትን ሰፈርና የሚቀበላትን ዘመድ ስም ነገርሁት። በሚቀጥለው መኪና እሱ ራሱ አሳፈራት። አትጩኺባቸው፤ ሰላምታ ስጪያቸውና እንደ ታላቅ እህት አናግሪያቸው። ለእናትሽም ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ብትሰማው ይሻላል።

ዳቻቱ ማዶ፣ 4፡12

ፋይዳ ያስመዝግቡት። ከእንግዲህ ባንክም ሌላውም የሚጠይቀው እሱን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ጀምሮ ዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ የማንነት ማስረጃ ነው።

ሸዋ በር፣ 4፡14

ዳቻቱ ማዶ፣ ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁን አሁን ከቆርቆሮው ቤት አያወጣውም።

የሳቢያኗ እህት፣ 4፡19

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ። ቤት ያለችው የጎረቤታችን ልጅ የተማሪ መታወቂያውን ከጠረጴዛው መሳቢያ አግኝታ ፎቶውን ላከችልኝ፤ ዕድሜውም ተጽፎበታል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ግን አላገኘችውም። የወንድሜ ስልክ አሁን ዝግ ነው። አጠገቡ ያሉ አንድ አባት ቀደም ብሎ በስልካቸው አስደውለውት ስለነበር በዚያው ቁጥር ልልክ ነው። አጎታችንም ከሐረር በመኪና ሊመጣ ተነስቷል።

የደንገጎ ሹፌር፣ 4፡22

መልካም ነው። አጎታችሁ የራሱን መታወቂያ እንዳይረሳ ደውለሽ አስታውሺው። ሊወስደው የመጣው ሰው ራሱ ማንነቱን ካላሳየ ልጁን በእጁ አይሰጡትም፤ ባይሰጡትም ትክክል ናቸው።

የአወዳይ ልጅ፣ 4፡30

የእኔ አጎት መታወቂያ ያወጣው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አፍሮው እንደ ጥላ ተዘርግቶ ነበር፤ ዛሬ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። አንድ ቀን ፖሊሱ ፎቶውን ሲያይ፣ እሱን ሲያይ፣ መልሶ ፎቶውን ሲያይ ቆየና «አባቴ፣ ይህ ልጅዎ ነው?» አለው። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፣ ፖሊሱም ሳቀ። ከዚያ ግን የአገልግሎት ጊዜው ማለፉን አሳይቶ በሳምንት ውስጥ እንዲያሳድስ ነገረው፤ እኛም አሳደስንለት። ቤት ያሉ ሽማግሌዎችን መታወቂያ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ።

እናት ዘለገሃሬ፣ 5፡45

የሳቢያኗ ልጄ፣ ተሳፈረ ወይ? ቡና አፍልቼ ስልኩን እያየሁ ነው።

ሸዋ በር፣ 7፡10

እህቴ፣ አጎታችሁ ደረሰ?

እናት ሁለት፣ ማታ 1፡25

ሁሉንም አነበብሁት። የ15 ዓመት ልጄን በሚቀጥለው ሳምንት ሐረር አክስቷ ዘንድ ልልክ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን ላስይዛት ወይስ ኮፒውን?

የሕግ ተማሪ፣ ማታ 1፡40

ኮፒውን ያስይዟት፤ ዋናው ቤት ይቀመጥ። የተማሪ መታወቂያዋን ግን ዋናውን ትያዝ። በአንዲት ወረቀት ላይ የእርስዎንና የአክስቷን ስምና ስልክ ቁጥር ጽፈው ቦርሳዋ ውስጥ ያድርጉላት፤ የሦስቱንም ፎቶ በእርስዎ ስልክ ያስቀምጡ። በጠዋቱ መኪና ከመናኸሪያ ራስዎ ቢያሳፍሯትና የሰሌዳ ቁጥሩን ይዘው ለአክስቷ ቢልኩላት ደግሞ የተሻለ ነው።