ዌብሳይት ላይ የደህንነት ክፍተት ያገኘ ሰው ለሕዝብ ያውጣው ወይስ ዝም ይበል?

የሄርማታው፦ ሰላም የጅማ ልጆች! ማታ ሻይ ቤት የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የምናውቀው የኮምፒውተር ተማሪ በአንድ ተቋም ዌብሳይት ላይ ፎርም ሞላ። የተቋሙን ስም አልጠራም። ከዚያ ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ቀየረ። የሌላ ሰው ፎርም ተከፈተለት፤ ከነስልኩ፣ ከነመታወቂያው። ደውሎ ነገራቸው። «እሺ፣ እናየዋለን» አሉት። ወራት አለፉ፣ ክፍተቱ ዛሬም አለ። ያውጣው ወይስ ዝም ይበል? እኔ ያውጣው ባይ ነኝ። ግን ቀን ቆርጦ፣ አስጠንቅቆ።

የቡና ነጋዴው፦ አልስማማም። ይሄ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። የጎረቤትህን በር ክፍት ሆኖ ብታገኘው መርካቶ ወጥተህ ትጮሃለህ?

ሦስተኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ ቤቱ የጎረቤት ነው። ውስጡ የተቀመጠው ዕቃ ግን የእርስዎ ነው። ሌባው ደግሞ የእኛን ፖስት አይጠብቅም። ቁጥሩን እየቀያየረ ሁሉንም ፎርም የሚለቅም ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) መጻፍ ለጀማሪም አይከብድም።

የቡና ነጋዴው፦ እሱስ ይሁን። መጋቢት 2016ን ግን አትርሱ። የንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ብር ማውጣት ሲችል ወሬው በሜሴጅና በስልክ ዞረ። ሌሊቱን ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ልጆችም ነበሩበት። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ባይሆንም ብሩ ወጥቷል። ወሬው ባይዛመት ያን ያህል ይወጣ ነበር?

የሄርማታው፦ ያኔ የወጣው ጥቆማ ሳይሆን «ሩጡ» የሚል ወሬ ነው። ቀድሞ ለባንኩ የነገረ ማን ነበር?

ጠበቃዋ፦ ከመሟገታችሁ በፊት ልጁን አስቡት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሲስተም መግባትን ይቀጣል። የመጀመሪያውን ቁጥር በአጋጣሚ ነው የቀየርኩት ሊል ይችላል። «ለማረጋገጥ ነው» ብሎ ሌላ ፎርም ከከፈተ ግን እንዴት እንደምከላከልለት አላውቅም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በቅን ልቦና ክፍተት የሚፈትሽን ተመራማሪ አቃቤ ሕግ እንዳይከስ ፖሊሲ አውጥተዋል። እዚህ ማንም እንዲህ ባለ ተስፋ አይጫወት።

መምህር፦ ዝምታ ምን እንደሚያመጣ አንድ ታሪክ ላንሳ። የአሜሪካ የስለላ ተቋም ኤንኤስኤ ዊንዶውስ ላይ ትልቅ ክፍተት አግኝቶ ለማይክሮሶፍት ሳይናገር ለዓመታት ይዞት ቆየ። ለራሱ ሥራ ይጠቀምበት ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። በኤፕሪል በክፍተቱ የሚገባበት የኤንኤስኤ መሣሪያ ከእጁ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። በሜይ ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በእሱ ተጠቅሞ ዓለምን አዳረሰ። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ይጠይቃል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል።

ልብ በሉ፣ ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። በከተማችን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዙሩና እዩ። ዊንዶውሱ ክራክ (ሳይገዛ የተጫነ) ነው፣ አፕዴቱ «ፓኬጅ ይበላል» ተብሎ ተዘግቷል። ስለዚህ «ይውጣ» ብቻ ማለት አይበቃም። የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን ክፍተት ሲያገኝ መጀመሪያ ለባለቤቱ ይናገራል፣ 90 ቀን ይሰጣል፣ ካልተስተካከለ ያወጣዋል። ቀነ ገደብ ባይኖር ብዙዎቹ ኩባንያዎች ባልተንቀሳቀሱ ነበር ባይ ነኝ።

የቡና ነጋዴው፦ መምህር፣ ማይክሮሶፍት በሺህ የሚቆጠር ኢንጂነር አለው። እዚህ አንዱ የአይቲ ሠራተኛ ነው ፕሪንተር የሚጠግነውም፣ ኔትወርክ የሚዘረጋውም። 90 ቀን ቢሰጡት ሰርቨሩን የሠራለትን ሰው ፈልጎ አያገኝም።

መምህር፦ እውነትዎን ነው። ግን ማስተካከል ካቃተው ገጹን ለጊዜው መዝጋት ይችላል። እሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የሱቋ፦ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ስለ ልጁና ስለ ተቋሙ ነው የምታወሩት። ፎርሙ ላይ ስማችን ያለውስ? ሰሞኑን አንድ ሰው ደወለልኝ። ሙሉ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ቀበሌዬን ነገረኝ። ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ «የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ» አለኝ። ዘጋሁበት። ከየት እንዳገኘው ግን አላውቅም። መረጃዬ መውጣቱን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ገና ስሜን ሲጠራ እነቃ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት፦ እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ያልነካውን ነካሽው።

ጠበቃዋ፦ እዚህ ላይ ሕጉ ከእርሷ ጋር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሰበሰበውን ተቋም ተጠያቂ ያደርጋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ልጁ ከማውጣቱ በፊት እዚያ ያመልክት። የሳይበር ደህንነትን ለሚመራው ለኢንሳም ይጻፍ። ቀኑ ያለበት ወረቀት ይያዝ፤ በስልክ የተባለን ነገር ማስረዳት ይከብዳል።

የቡና ነጋዴው፦ በዚህ ከሄደ እቀበላለሁ። ግን ሊንኩን አይለጥፍ፣ እንዴት እንደሚከፈትም አይግለጽ። «እዚህ ተቋም የተመዘገባችሁ፣ መረጃችሁ ለሰው ሊታይ ይችላል» ብሎ ያስጠንቅቅ፣ በቃ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ዝርዝሩ ካልወጣ ግን «ውሸት ነው» ይሉታል። ደግሞስ ሌሎች ዌብሳይት የሚሠሩ ልጆች ከምን ይማሩ? ተመሳሳይ ስህተት ስንት ቦታ እንዳለ ማን ያውቃል?

የቡና ነጋዴው፦ ከተስተካከለ በኋላ ይማሩ።

መምህር፦ እኔም ከተስተካከለ በኋላ ነው የምለው። ሌላ ደግሞ፣ ሴኩሪቲ ዶት ቲኤክስቲ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደንብ ወጥቶለታል። ዌብሳይቱ ላይ ይቀመጣል፤ «ክፍተት ካገኛችሁ በዚህ ኢሜይል ጻፉልን» ይላል። ለማዘጋጀት ሰዓትም አይፈጅም። ልጁ እኮ የደወለው ለመረጃ ዴስክ ነው። «እናየዋለን» ያለችው ልጅ የሚያወራው ስለ ምን እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም።

የሄርማታው፦ ደብዳቤውን ነገ እናርቅቃለን። ጠበቃዋ፣ ታይልናለሽ?

ጠበቃዋ፦ አያለሁ። የቀየረውን ቁጥር ግን እንዳትጽፉ።